የመረጥሁት እቃውን ነው ወይስ የገዛሁበትን ሰዓት?

ባለማስታወሻው

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ካለፈው ዓመት መጀመሪያ አንስቶ አንድ ደብተር ስይዝ ቆይቻለሁ። ሲያልቅ የሚተካ የዘወትር ፍጆታ ያልሆነ እቃ በገዛሁ ቁጥር፣ በዚያው ዕለት ማታ «ይህን የገዛሁት ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ወር ሲሞላው ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሸፍኜ፣ እቃውን ስንት ጊዜ እንደተጠቀምሁበትና ዛሬ ቢሆን ኖሮ እገዛው እንደሆነ እመዘግባለሁ። ደብተሩን የጀመርሁት ራሴን ለመውቀስ አልነበረም፤ አስቤ የምገዛ ሰው ነኝ ብዬ ስለማምን ይህንኑ በገዛ እጄ ጽሑፍ ለማረጋገጥ ፈልጌ ነው።

ውጤቱ ግን እንዳሰብሁት አልሆነም። በመጀመሪያው ዕለት የጻፍኋቸው ምክንያቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ እቃው ናቸው፤ ጫማው ጠንካራ ነው፣ መብራቱ ለዓይን ይመቻል፣ ካፖርቱ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ከወር በኋላ «ዛሬም እገዛው ነበር» ያልሁባቸውንና «አልገዛውም» ያልሁባቸውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ ለሁለቱም ወገን የጻፍሁት ምክንያት እኩል አሳማኝ ሆኖ አገኘሁት። የሚለያዩት በምክንያትነት ባልቆጠርኋቸው ነገሮች ነው፤ የገዛሁበት ሰዓት፣ በዚያ ቀን የነበረኝ ስሜት፣ ከእቃው አጠገብ ተደርድሮ የነበረው ሌላ እቃ፣ የከፈልሁበት መንገድ። እነዚህን እንኳ ለማወቅ የቻልሁት ደረሰኞቹን በየገጹ ስለለጠፍሁና የዕለቱን ውሎ በኅዳጉ ላይ ስለጫርሁ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው ሲገዛ የሚመርጠው እቃውን ነው ወይስ የተመቻቸለትን አጋጣሚ? የምንሰጠው ምክንያትስ ውሳኔውን የወለደው ነው ወይስ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የምናለብሰው ልብስ ነው? በሙያም በኑሮም የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መምህሩ

ጥያቄዎ ምጣኔ ሀብትንና ሥነ ልቦናን ለረጅም ዘመን ያከራከረውን ነጥብ ይነካልና በአንድ ምሳሌ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1981 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን ለሁለት ቡድኖች ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረቡ። ለአንደኛው ቡድን፣ 15 ዶላር የሚሸጥ የሒሳብ ማሽን ሊገዙ ሲሉ፣ 20 ደቂቃ በመኪና በሚያስኬድ ሌላ ሱቅ ውስጥ በ10 ዶላር እንደሚገኝ ተነገራቸው። ለሁለተኛው ቡድን ደግሞ ማሽኑ 125 ዶላር ሆኖ፣ በሌላው ሱቅ 120 ዶላር መሆኑ ተገለጸላቸው። የሚተርፈው ገንዘብ በሁለቱም 5 ዶላር ነው፤ መንገዱም ያው 20 ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው ቡድን 68 በመቶ የሚሆኑት «እንሄዳለን» ሲሉ፣ ከሁለተኛው ግን እንዲህ ያሉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ የምንረዳው አእምሯችን ገንዘብን በራሱ እንደማይመዝን ነው። የሚመዝነው ከአንድ መነሻ አንጻር ነው፤ መነሻው ሲለወጥ ያው 5 ዶላር አንድ ጊዜ ትልቅ፣ ሌላ ጊዜ ኢምንት ሆኖ ይታያል። የተሰረዘ የቀድሞ ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ በላይ የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። ገዢው የሚያየው የሚያወጣውን ሳይሆን «ያተረፈውን» ይሆናል፤ በምጣኔ ሀብት ሊቁ በሪቻርድ ቴለር አገላለጽ ከእቃው ከሚገኘው ጥቅም ሌላ ከግብይቱ ራሱ የሚገኝ ደስታ አለ። ወዳጄ፣ «አልገዛውም» ካሉባቸው እቃዎች ስንቱን በቅናሽ እንደገዙ ደረሰኞቹን ቢመለከቱ መልካም ነው። ከግብይቱ የሚገኘው ደስታ ቤት እንደደረሱ ያበቃልና፣ ከወር በኋላ በደብተርዎ ላይ የሚቀረው የእቃው ጥቅም ብቻ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሽያጭ

የቤትና የቢሮ እቃ ሽያጭ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ሥራውን ትቻለሁ። ባለማስታወሻው «ከእቃው አጠገብ ተደርድሮ የነበረው» ያሉት ቃል ቀድሞ ወደማውቀው ነገር መለሰኝ።

በመደርደሪያ ላይ ያለ እቃ ሁሉ ለመሸጥ የተቀመጠ አይደለም። መጀመሪያ ይህን የተማርኩት ከአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ነው። አንድ በጣም ውድ የሆነ ጠረጴዛ በመግቢያው ላይ ነበረን፤ በዓመት አንድ እንኳ አልተሸጠም ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ እናዛውረው ስል «እሱ እኮ ሌሎቹን ነው የሚሸጠው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ውዱ ሲነሳ፣ ቀድሞ መካከለኛ የነበረው በድንገት ውድ ሆነና ደንበኞች ወደ ርካሹ ወረዱ። ኋላ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ጆኤል ሁበር፣ ጆን ፔይንና ክሪስቶፈር ፑቶ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የዚህን ቅርብ ዘመድ ማሳየታቸውን አወቅኩ፤ ከሁለት እቃዎች ከአንዱ ብቻ በሁሉም ረገድ የሚያንስ ሦስተኛ እቃ ሲጨመር፣ ሦስተኛውን ማንም ባይመርጠውም፣ ይበልጠዋል የተባለው እቃ ገዢው ይበዛል። ኢታማር ሲሞንሰን ደግሞ በ1989 ሰዎች ከዳርና ዳር ይልቅ ወደ መካከለኛው እንደሚያዘነብሉ አሳየ፤ ምክንያቱም መካከለኛውን ለመረጠ ሰው ራሱን ማስረዳት ይቀለዋል። ልብ በሉ፣ ገዢው የሚፈልገው እቃ ብቻ ሳይሆን ለራሱ የሚያቀርበው ምክንያትም ጭምር ነው። ባለማስታወሻው ማታ ማታ የሚጽፉት ይህንን ሊሆን ይችላል።

ሌላው መንካት ነው። ጆአን ፔክና ሱዛን ሹ በ2009 ባወጡት ጥናት እቃን በእጅ መንካት ብቻ ሰው የእኔ ነው የሚለውን ስሜት እንደሚያሳድር አሳይተዋል፤ እኛ ግን ጥናቱን ሳናውቅ እንሠራበት ነበር። እኔ የምጠቀምበት ከመንካትም የረቀቀ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ «የት ያስቀምጡታል?» የሚል። ደንበኛው ለመመለስ ሲሞክር በሐሳቡ ወንበር ያነሳል፣ መጋረጃ ይገልጣል፣ እቃውን ከመስኮቱ ሥር ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ሳይገዛ ቢወጣ ባዶ እጁን የሚሄድ አይመስለውም፤ የራሱን ነገር ጥሎ የሚሄድ ይመስለዋል። አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ቢሆንም ጥያቄውን የምጠይቀው መልሱን ለማወቅ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ የማውቀው ስለ አከፋፈሉ ነው። ይዤው የምወጣውን የገንዘብ መጠን ወስኜ በጥሬው ስይዝ፣ ብሩ ከቦርሳዬ ሲወጣና ቦርሳው ሲቀል በዓይኔ አየዋለሁ። በካርድ ወይም በስልክ ስከፍል ግን ትልቁም ትንሹም ክፍያ አንድ ዓይነት ንክኪ ነው። ልጆቼም ይህን ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ሲፈልጉ «በስልክሽ ክፈዪው» ነው የሚሉኝ። ይህ የእኔ ድክመት ነው ወይስ የሁሉም ሰው?

መምህሩ

እህቴ፣ የእርስዎ ድክመት አይደለም። ድራዘን ፕሬሌክና ዳንካን ሲሜስተር በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የስፖርት ውድድር መግቢያ ትኬት ለጨረታ አቅርበው፣ ለአንዱ ቡድን ክፍያው በጥሬ ገንዘብ፣ ለሌላው በክሬዲት ካርድ እንደሚሆን ነገሩ። በካርድ የሚከፍሉት ያቀረቡት ዋጋ በአማካይ የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆነ። ፕሬሌክ ከጆርጅ ሎዌንስታይን ጋር ቀደም ብሎ በ1998 እንደጻፈው፣ መክፈል የራሱ የሆነ ሕመም አለው፤ ክፍያው በሐሳባችን ከእቃው ጋር ያለው ትስስር በላላ ቁጥር ሕመሙ ይደነዝዛል። ብራያን ክነትሰንና ባልደረቦቹም በ2007 የሸማቾችን አእምሮ በመቅረጫ መሣሪያ ሲመለከቱ፣ የሚወደድ እቃ ሲታይ ሽልማትን ከመጠበቅ ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ፣ ዋጋው ሲበዛ ደግሞ ከሕመምና ከጥላቻ ስሜት ጋር የሚያያዘው ኢንሱላ የተባለው ክፍል እንደሚነቃ አይተዋል።

ልጆችዎ ስለ ስልኩ ያስተዋሉት ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው።

ጥያቄ አለኝ

ውይይቱ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ግዴታዬ ይመስለኛል። በዚህ ዘርፍ ተደጋግሞ የሚነገር ታሪክ ሁሉ በእኩል ጥንካሬ የቆመ አይደለም፤ እኛም ሰምተን የወደድነውን ምርምር ያለ ጥያቄ የምንቀበል ከሆነ፣ ማስታወቂያ አምኖ ከሚገዛ ሰው ብዙ አንለይም።

ለምሳሌ የማርማላታው ሙከራ አለ። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳቀረቡት፣ 24 ዓይነት ማርማላታ በተደረደረበት ጠረጴዛ ዘንድ ከአላፊ አግዳሚው 60 በመቶ ቆሞ ሲያይ የገዛው ከቆሙት 3 በመቶ ብቻ ነበር፤ 6 ዓይነት በነበረበት ጊዜ ግን 40 በመቶ ቆሞ ከእነዚህ 30 በመቶ ገዝቷል። ዓይኑ አዋጅ ሲሆንበት ሰው ሳይገዛ ይሄዳል የሚለው መደምደሚያ ከዚህ ተነሥቶ በዓለም ተሠራጨ። ነገር ግን ቤንያሚን ሻይበሄነና ባልደረቦቹ በ2010 እንዲህ ያሉ 50 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ አማካይ ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። በአንዳንዱ ሙከራ ብዙ ምርጫ ገዢን ሲያርቅ በሌላው አቅርቧል። አሌክሳንደር ቼርኔቭና ባልደረቦቹ በ2015 ባደረጉት ምርመራ ደግሞ ሁኔታው ወሳኝ መሆኑን አመለከቱ፤ ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ የማያውቅ ሲሆን፣ አማራጮቹ ለማወዳደር ሲያስቸግሩ፣ ጊዜ ሲያጥር ብዛት ይከብደዋል። ምን እንደሚፈልግ ለይቶ ለመጣ ሰው ብዛት ችግር አይደለም።

ስለዚህ ባለማስታወሻውን አንድ ነገር ልጠይቅ። በደብተርዎ ውስጥ የተጸጸቱባቸው እቃዎች ከቤት ሲወጡ ሊገዟቸው ያሰቧቸው ነበሩ ወይስ እዚያው ደርሰው ያዩዋቸው?

ወለላ

እኔ ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ከላይ የሽያጭ ባለሙያው ሰው የነካውን የእኔ ብሎ አልለቅም እንደሚል ነግረውናል። አባቶቻችን ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ብለዋል፤ ይህም የራሳችን የሆነው ነገር በዓይናችን ይረክሳል ማለት ነው። በእኔ ኑሮ ያየሁትም የአባቶችን ቃል ነው። ስመኘው የኖርኩት እቃ ወረቱ ካለፈ በኋላ ዞር ብዬ አላየውም። ከሁለቱ ማንን እንመን?

መምህሩ

ወለላ ያነሡት ጥያቄ እስካሁን በዚህ ውይይት ከተነሡት ሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ልመልስ።

የባለቤትነት ውጤት የሚባለውን፣ ማለትም የእኔ ያሉትን ነገር ከሌላው አስበልጦ የማየት ዝንባሌን፣ በጣም ግልጽ ያደረገው ጃክ ክኔች በ1989 ያቀረበው ሙከራ ይመስለኛል። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ኩባያ ሰጥቶ፣ ቆየት ብሎ ከፈለጉ በቸኮሌት እንዲለውጡ ፈቀደላቸው፤ 89 በመቶው ኩባያውን አልለቅም አለ። ለሌላው ክፍል ቸኮሌቱን አስቀድሞ ሰጥቶ በኩባያ እንዲለውጡ ሲጠይቅ 90 በመቶው ቸኮሌቱን ያዘ። ምንም ሳይሰጣቸው ከሁለቱ እንዲመርጡ ከተጠየቁት ውስጥ ግን ኩባያውን የመረጡት 56 በመቶ ነበሩ። ኩባያውና ቸኮሌቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቀድሞ በማን እጅ እንደነበሩ ብቻ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ ይህን የሚያስረዱት፣ ማጣት ከማግኘት ይልቅ በስሜታችን ላይ ይከብዳል በማለት ነው፤ በ1992 ባደረጉት ግምት የኪሳራው ክብደት የትርፉን 2.25 እጥፍ ያህል ነበር።

አሁን ምሳሌያዊ አነጋገሩን አብረን እናስተውለው። ተናጋሪው ወርቁን በእጁ ይዟል፤ ማንም ሊወስድበት አልመጣም። በክኔች ሙከራ ያለው ተማሪ ግን «ልቀቀውና ይህን ውሰድ» ተብሏል። አንዱ የሚናገረው በየቀኑ ስለሚታይ ነገር ነው፤ ሌላው ሊወሰድ ስላለ ነገር። ለምደን ያለን እቃ ደስታ አይሰጠንም፤ ይህ ወረት ማለፉ ነው። ነገር ግን ይኸው ደስታ የማይሰጠን እቃ ከቤት ይውጣ ሲባል እንከላከልለታለን። ሁለቱ እውነቶች የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ይልቁንም አንድ ላይ ሆነው ቤታችን ለምን በማንጠቀምባቸው እቃዎች እንደሚሞላ ያስረዳሉ። ለመግዛት ወረት ይገፋናል፤ ለመስጠት ወይም ለመመለስ ደግሞ ማጣትን መፍራት ያግደናል።

ይህ በሕግ ላይም ትርጉም አለው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛን አብዛኛውን እቃ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል። መልካም መብት ነው፤ ሆኖም እቃው አንድ ጊዜ ቤት ከገባ በኋላ መመለስ ኪሳራ መስሎ ስለሚታይ፣ «ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ» ብሎ የገዛ ሰው እንዳሰበው ነጻ ሆኖ አይወስንም። በሌላ በኩል፣ ጆን ሊስት በ2003 የስፖርት ካርድ ነጋዴዎችን ሲመረምር ልምድ ያካበቱት ላይ የባለቤትነት ውጤት በጣም ቀንሶ አግኝቶታል። እቃን የሚያልፍ፣ የሚለወጥ ነገር አድርጎ ማየት የሚለመድ ይመስላል።

ዘጠኝ ዓመት በሽያጭ

የመጨረሻውን ነጥብ በራሴ አረጋግጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት እቃ ሲገባና ሲወጣ ካየሁ በኋላ በገዛ ቤቴ ያለውን ስሸጥ አንድም ቀን አልከበደኝም።

አማካሪዋ

በሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት እሠራለሁ። ባለማስታወሻው «በዚያ ቀን የነበረኝ ስሜት» ካሉ በኋላ ማንም ወደዚያ ስላልተመለሰ ጥቂት ልበል።

ጄኒፈር ለርነር፣ ዴቦራ ስሞልና ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሙከራ፣ አሳዛኝ ፊልም ያዩ ሰዎች አዲስ እቃ ለማግኘት የሚሰጡት ዋጋ ከፍ ሲል፣ በእጃቸው ያለውን ለመሸጥ የሚጠይቁት ዋጋ ዝቅ አለ። መምህሩ የገለጹት የባለቤትነት ውጤት በሐዘን ጊዜ ተገለበጠ ማለት ነው። ያዘነ ሰው ያለውን ይንቃል፣ የሌለውን ይመኛል፤ ሁኔታውን ለመለወጥ ይፈልጋልና። ወለላ የጠቀሱት ምሳሌያዊ አነጋገር ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። በሙከራው የተካፈሉት ሰዎች ያዩት ፊልም ከቀረበላቸው እቃ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ይሁን እንጂ በሐዘን ጊዜ መግዛት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ስኮት ሪክና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ እቃ መምረጥ ላዘነ ሰው በሕይወቱ ላይ የመወሰን ኃይል እንዳለው እንዲሰማው በማድረግ ሐዘኑን ሊያቀል ይችላል። ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች የተረዳሁት ግን ማቅለሉ የሚገኘው ከመምረጡ እንጂ ከመያዙ አለመሆኑን ነው። ብዙዎቹ ያልተከፈተ ካርቶን በቤታቸው አለ። ለእነዚህ ሰዎች «ለምን ገዛህ?» ብሎ መቆጣት አይረዳቸውም፤ አፍረው ይደብቃሉ፣ ዕዳውም በድብቅ ያድጋል። መግዛትን ማቆም ያቃተው፣ ከቤተሰቡ የሚሰውር፣ ለክፍያ የሚበደር ሰው ፈቃደ ደካማ ተብሎ የሚወቀስ ሳይሆን እርዳታ የሚገባው ነው። ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይህን እንደ ሕመም ገልጾታል። በዚህ መድረክ ላይ ራሱን በዚህ ሁኔታ ያገኘ ካለ፣ ከዕዳው አስቀድሞ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይናገር።

ባለማስታወሻው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ምሽት ከደብተሩ ጋር ተቀምጬ ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ ፈተሽሁ።

ለ«ጥያቄ አለኝ» መልሴ፤ ከተጸጸትሁባቸው አብዛኞቹ ከቤት ስወጣ ያላሰብኋቸው ናቸው። ነገር ግን ሁሉም አይደሉም፤ ለሳምንታት ዋጋ ሳወዳድርለት የቆየሁት ካፖርት አንድ ጊዜ ብቻ ተለብሶ ተቀምጧል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ብቻውን አያድንም። ለመምህሩ መልሴ፤ የቅናሹ ነገር እውነት ነው፤ ካፖርቱም በቅናሽ የተገዛ ነው። ገጹን ሳነብ ማወዳደሬ ሁሉ በዋጋዎች መካከል እንጂ በካፖርቱና በሕይወቴ መካከል እንዳልነበር ገባኝ፤ የምሠራበት ቦታ ሞቃት መሆኑን እንኳ አልጻፍሁም።

በጣም የነካኝ ግን የአማካሪዋ ጽሑፍ ነው። አባቴ ታሞ በነበረባቸው ሁለት ወራት የገዛሁት እቃ ከቀረው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ብዛቱ አስደነገጠኝ። በዚያን ጊዜ የጻፍኋቸው ምክንያቶች ከሁሉም ይልቅ የተሟሉና የተብራሩ ናቸው፤ ስለ መብራቱ ብቻ ግማሽ ገጽ ጽፌአለሁ። ስለ አባቴ በዚያ ገጽ ላይ አንድም ቃል የለም። መብራቱን ግን ዛሬም እወደዋለሁና ከተጸጸትሁባቸው አልቆጥረውም።

ስለዚህ አሠራሬን ለውጫለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምክንያቱን የምጽፈው ከገዛሁ በኋላ ማታ ሳይሆን ከመክፈሌ በፊት ነው፤ ከምክንያቱም በላይ ሁለት ነገር አስቀድማለሁ፤ ዕለቱ እንዴት እንደዋለና እቃውን ከየትኛው ሌላ እቃ አጠገብ እንዳየሁት። የሽያጭ ባለሙያውንም ጥያቄ ወስጃለሁ፤ «የት አስቀምጠዋለሁ?» የሚለውን ግን ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ፣ እቃው በሌለበት፣ ቦታውን በዓይኔ እያየሁ ነው የምመልሰው።